የወረቀት እናት

«አልወርድም» አሉ ሽማግሌው።

ጀልባዋ ከደሴቲቱ ማረፊያ ተጠግታ ገመዷ ታስሯል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እየተገፋፉና እየተሳሳቁ በመሸጋገሪያው ሳንቃ ላይ ወርደው አልቀዋል። በኋለኛው ወንበር ላይ የቀሩት ኮሪንና አያቷ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ጭነውበት፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ አላነሡም።

«ዬዬ፣ ትናንት እሺ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ኮሪን፣ የአባቷን አባት ከሕፃንነቷ ጀምሮ በምትጠራበት ስም።

«ትናንት ቤቴ ነበርኩ። ሰው ቤቱ ሲሆን ጀግና ነው።»

«ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።»

«ያኔም እየጠበቁን ነበር» አሉ ሽማግሌው።

በዚህ መሐል የኮሪን የክፍል ጓደኛ ዲና ካስቲዮ ሳንቃውን እያንቀጫቀጨች ተመልሳ መጣች።

«ምን ሆናችኋል? ሚስተር ኦርቴጋ ሊፈነዳ ነው እኮ» አለቻት፤ ቀጥላም ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ፣ «አባባ፣ ካልወረዱ ችግር የለም። ያቺን በቅጠል የተጠቀለለች ሩዝ ለእኔ ይስጡኝና እዚሁ አርፈው ይቀመጡ። እኔ ስለ እርስዎ እበላልዎታለሁ።»

ሽማግሌው እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይቸገሩ ነበር እንጂ ሲሰሙ አያመልጣቸውም። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የምትመስል ነገር ብልጭ አለች።

«ይህቺ ጓደኛሽ ሌባ ናት» አሉ ለኮሪን በመንደራቸው ቋንቋ። «ምሳውን ለእሷ ትቼ የምቀመጥ ጅል አይደለሁም።» የወንበሩን ጠርዝ ተደግፈው ተነሡ።

ኮሪን እጃቸውን ይዛ ስታወርዳቸው ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታው ግን ንጹሕ አልነበረም። ይህን ጉዞ የፈለገችው እሷ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ታውቃለች። የታሪክ መምህራቸው ሚስተር ኦርቴጋ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን አመጣጥ እንዲያዘጋጅ ባዘዙ ጊዜ፣ ደሴቲቱ ላይ የሚገኘው ሙዚየም ከሥራዎቹ አንዱን መርጦ ከነፎቶግራፉ በአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው፣ ባለቤቱም በምረቃው ዕለት ቆሞ እንደሚናገር ነግረዋቸው ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች የያዙት የቅድመ አያት ፎቶግራፍና የተበጣጠሰ ወሬ ነው። ኮሪን ግን ዛሬ ሙዚየም በሆነው የስደተኞች መመርመሪያ ጣቢያ ታግቶ የነበረ፣ አሁንም በእግሩ የሚሄድ ሰው በቤቷ አላት። አያቷን ሳትጠይቅ ለመምህሩ ቃል ሰጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌውን በልመና ማሰልቸት የጀመረችው።

ከዚህም በታች ሌላ ምክንያት ነበራት።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በጸደይ ወራት እንደ ልማዳቸው የሙታኖቻቸውን መቃብር ሊያጸዱ ሄደው፣ የሴት አያቷን ድንጋይ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ነበር። የቅዳሜ የቻይንኛ ትምህርቷን ገና መጀመሯ ነው። በእንግሊዝኛ የተቀረጸው ስም «ፎንግ» ይላል፤ ከጎኑ የቆመው የቻይና ፊደል ግን «ታም» ይላል። ድንጋይ ቀራጩ የተሳሳተ መስሏት አባቷን ጠየቀችው። አባቷ መጥረጊያውን አቁሞ ግራ ቀኙን ተመለከተ። «አልተሳሳተም» አላት። «ይህ ነገር ግን ከዚህ አጥር አይወጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያቷ በመጡበት ዘመን የዚህ አገር ሕግ ቻይናዊ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የሚገባው የዜጋ ልጅ የሆነ ብቻ ነው። ፎንግ የሚባል አንድ ዜጋ በአገር ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ ብሎ አስመዘገበ፤ ልጆች ግን አልነበሩትም። ባዶዎቹን ቦታዎች ለሁለት የተለያዩ ቤቶች ልጆች ሰጠ። የታም ልጅ፣ የዛሬው የኮሪን አያት፣ የፎንግ ልጅ ሆኖ መርከብ ተሳፈረ፤ ሃሪ የተባለው የሌላ ሰው ልጅም ወንድሙ ሆነ። እንዲህ ያሉትን የወረቀት ልጆች ይሏቸዋል። በደሴቲቱ የጠበቋቸው መርማሪዎች ይህን ስለሚጠረጥሩ፣ ልጆቹን ለየብቻ እያስቀመጡ ስለ አባት፣ ስለ እናት፣ ስለ ቤቱና ስለ ጉድጓዱ ይጠይቃሉ። የአንዱ መልስ ከሌላው ከተለየ ሁለቱም ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ስለዚህ ልጆቹ የማያውቁትን ቤት ከነማዕዘኑ በቃላቸው አጥንተው መጡ።

ኮሪን በክፍል ውስጥ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሰው ልብስ የለበሰች ይመስላት ነበር። ሕጉ ከተሻረ ዘመን አልፏል፤ በቻይናውያኑ ሰፈር በቻይና ታውን ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን በአደባባይ ያወጁ ቤተሰቦችም አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ አያቷ በዚያ ቦታ ሲቆሙ ከልባቸው ይናገራሉ ብላ ተስፋ አደረገች። አባቷ ግን ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ አስቁሟት ነበር። «እሳቸው ያሉትን ተርጉሚ። ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። አጎትሽ ሃሪ ገና በሕይወት አሉ፤ ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው። ስም የሁሉም ቤት ምሰሶ ነው፤ አንዱን ስትነቅዪ ሌላው ይወድቃል።»

ከማረፊያው እስከ ጣቢያው ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ሽማግሌው ግን ደጋግመው ቆሙ። ተማሪዎቹ ወደ መኝታው አዳራሽ በገቡ ጊዜ ሳቃቸው በራሱ ጸጥ አለ። አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ የብረት አልጋዎች፣ ከፍ ብለው የተሠሩ መስኮቶች፣ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በቢላ ጫፍ የተፈለፈሉ ፊደላት። እስረኞቹ ብሶታቸውን በግጥም የጻፉበት ነው። ዲና አንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ «ምን ይላል?» ብላ ኮሪንን ጠየቀቻት። ኮሪን ሁለት ፊደል ብቻ ስለለየች ወደ አያቷ ዞረች።

ሽማግሌው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ማንበባቸው ከዓይናቸው አካሄድ ይታወቅ ነበር።

«ምን ይላል፣ ዬዬ?»

«የሰው ነው» አሉ። «የሰውን ነገር እኔ ምን አገባኝ።»

ዲና ትከሻዋን ነቅንቃ፣ «እሺ፣ አያትሽ የማይበገሩ ናቸው» አለችና ወደ ሌሎቹ ሄደች።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው ቀድሞ መርማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል ነበር። ወይዘሮ ሃልቨርሰን የሚባሉ ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኛ፣ ጠረጴዛው ላይ የቴፕ መቅረጫ አስቀምጠው ጠበቋቸው። ለሽማግሌው የተዘጋጀው ባለ ትራስ ወንበር ባሕሩ በሚታይበት መስኮት ሥር ነበር። እሳቸው ግን አላዩትም። በቀጥታ ወደ ክፍሉ መካከል ሄደው፣ ጠረጴዛውን ፊት ለፊት በሚያየው ባዶ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን አቀኑ፤ መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እዚያ እንዲቀመጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«እዚህ ይሻልዎታል፣ ሚስተር ፎንግ፤ ትራስ አለው» አሉ ወይዘሮ ሃልቨርሰን።

«ደህና ነኝ ይላሉ» አለች ኮሪን፣ ምንም ሳይሏት።

ሴትዮዋ የመቅረጫውን ቀይ መብራት አበሩ። «ካሴቱን በኋላ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቃል በቃል ይተረጉሙታል» አሏት በደግነት። «አንቺ ለጊዜው ፍሬ ነገሩን ንገሪኝ፤ እኔ ለግድግዳው የሚሆነውን እጽፋለሁ። እስቲ ስለ መንደራቸው ይንገሩን።»

ሽማግሌው ጥያቄው ተተርጉሞ ሳያልቅ መለሱ። መንደሩ ኮረብታ ላይ ነው። ቤታቸው ከጉድጓዱ ቀጥሎ ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል፤ የሩዙ ገንቦ ከምድጃው በስተግራ ይቆማል፤ ወለሉ የሸክላ ጡብ ነው። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። መምህሩ ፊት ቆሞ ያጠናውን እንደሚያነበንብ ልጅ፣ ያለ ትንፋሽና ያለ ስህተት ይወርዳል።

«አቤት ማስታወስ!» አሉ ወይዘሮ ሃልቨርሰን እየጻፉ። «እናታቸውስ? ስማቸው ማን ነበር?»

«ላው ሱዪ ዪንግ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«እግሯ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንዳያድግ በጨርቅ አልታሰረም። ውሃ የምትቀዳው ራሷ ናት። ሁለት ባልዲ በትከሻ እንጨት ተሸክማ ኮረብታውን ትወጣለች።»

ኮሪን ይህን እየተረጎመች ግራ ገባት። አያቷ በልጅነቷ ሲያስተኟት የነገሯት የራሳቸው የልጅነት ተረት ሁሉ ወንዝ ዳር ነበር። ዳክዬ ይጠብቁ ነበር። ዳክዬዎቹን እያሳደዱ ጭቃ ውስጥ ይወድቁ ነበር። ኮረብታ የለም፤ ጉድጓድ የለም። እንዲህ አድርጎ ማንም የልጅነት ቤቱን አያስታውስም፤ ሰው የገዛ ቤቱን ሲያስታውስ ይዘባርቃል፣ ይረሳል፣ ይስቃል። ይህ ቤት ግን አንድም የተረሳ ነገር የለበትም።

ሴትዮዋ ብዕራቸውን ሲቀይሩ ወደ አያቷ ጠጋ ብላ በለሆሳስ፣ «ዬዬ፣ ዳክዬዎቹስ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው እንደማያውቃት ሰው አዩዋት።

«ዳክዬ አልነበረንም» አሉ።

ኮሪን አፈረች። ያሳፈራት የእሳቸው መዋሸት ነው ወይስ የእሷ መጠየቅ፣ መለየት አልቻለችም። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ግን የጻፉትን ደግመው አነበቡና ፊታቸው በራ። «ሁለት ባልዲ ተሸክማ ኮረብታ የምትወጣ እናት። ኮሪን፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያክል የለም። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ይህ ነው፤ ለመምህርሽ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።»

የፈለገችው ነገር ይኸው መጣ። ኮሪን «አመሰግናለሁ» አለች፤ የሴትዮዋን ዓይን ግን አላየችም።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አሉ ሴትዮዋ። «ከዚያ በኋላ እናታቸውን አይተዋቸው ያውቃሉ?»

ኮሪን ተረጎመችው።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ መልስ ግን አልወጣም። ይህን ጥያቄ መርማሪዎቹ አልጠየቁም ነበርና ማንም አላስጠናቸውም። ጭናቸው ላይ የተዘረጉት መዳፎች ቀስ ብለው ተጨበጡ። ቆይተው ሲናገሩ ድምፁ ኮሪን በቤቷ የምታውቀው የሻከረ ድምፅ ነበር፤ የሚያዩትም እሷን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው።

«እግሯ ታስሮ ነው ያደገችው። ከቤት እስከ ወንዙ ማረፊያ ለሌላው ሰው ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን ሩቅ ነበር። ልሸኝህ አለች። ተዪ አልኳት። አጎቴ ቸኮለ፤ ቀድመን ሄድን። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ገና የሩዝ ማሳው መሐል ነበረች። ከወገቧ በላይ ብቻ ነው ያየኋት። አልደረሰችም።»

ኮሪን መተርጎሙን ረሳች።

«መርማሪው፣ እዚያ ጋ ተቀምጦ፣ ‹የእናትህ እግር የታሰረ ነው ወይስ ያልታሰረ?› አለኝ። ያልታሰረ አልኩት። ዓይኑን እያየሁ። ጎበዝ ተባልኩ፤ አለፍኩ። በዓመቱ መርዶዋ መጣ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ፤ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። በወረቀቱ ላይ እናቴ በሕይወት አለች፤ እናቱ በሕይወት ያለች ሰው የሐዘን ጨርቅ ክንዱ ላይ ካሰረ ይጠየቃል። ሃሪ ‹ሰው ያይሃል› አለኝ። እውነቱን ነው። መተኮሴን ቀጠልኩ። ሸሚዙን እንኳ አላቃጠልኩም።»

ከውጭ የተማሪዎቹ ሁካታ ይሰማል።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ ሃልቨርሰን ቀስ ብለው።

ኮሪን የአያቷን አንገት አየች፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ እንደ ሁልጊዜው ተተኩሶ የቆመ ነበር። በሕይወቷ ሙሉ የጠበቀችው እውነት ይኸው ፊቷ ተቀምጧል። ልታነሣው ትችላለች። ግድግዳ ላይ ከሚወጡት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

«ደክሞኛል ነው የሚሉት» አለች።

ሴትዮዋ ጥቂት አዩዋት፤ ከዚያ «በእርግጥ፣ በእርግጥ» ብለው ወረቀቶቻቸውን ሰበሰቡ። «ውሃ ላምጣላችሁ። እስኪረጋጉ አብረሻቸው ቆዪ» ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

ያን ጊዜ ነው ኮሪን ቀዩ መብራት አለመጥፋቱን ያየችው። በመስታወቱ ውስጥ የካሴቱ መንኮራኩሮች በእርጋታ ይዞራሉ። ቁልፉን ተጭና አቆመችው።

«ዬዬ… ማሽኑ ሲቀዳ ነበር።»

ሽማግሌው ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲረዱ ፊታቸው ጠወለገ፤ የሰባ ዓመት ሰው ሳይሆን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኑ።

«አጥፊው።»

«እሺ፣ ግን—»

«ምን ግን አለው? ሃሪ ምን ይሆናል? የሃሪ ልጆችስ? ያቺ የልጅ ልጁ አሁን መንግሥት ቤት ነው የምትሠራው። አጥፊው አልኩሽ እኮ፤ ይህ ማሽን ማጥፊያ የለውም እንዴ?»

«አለው።» ማድረግ ያለባት ነገር ቀላል ነው፤ ወደ ኋላ መልሳ በተቀዳው ላይ ዝምታ መቅዳት። ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች። ያቺ ሴት ማሳ መሐል ቆማ ነበር፤ ኮሪን ቁልፉን ስትጫነው ከዚያም ትጠፋለች። ስለ እሷ ማንም ጨርቅ ያላሰረላት ሴት፣ አሁን ደግሞ በገዛ የልጅ ልጇ ልጅ እጅ። «እሺ፣ አጠፋዋለሁ» አለች፤ እንባዋ እንዳይመጣ በፍጥነት። «ለእኔ ብቻ ስሟን ይንገሩኝ። ለማንም አልናገርም። ስሟን ልወቅና አጠፋዋለሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ ጠርዙን በጣታቸው ማዞር ጀመሩ።

«አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት አያውቁትም?»

«የእናቱን ስም ማን ይጠራል? ለእኔ ‹ማ› ናት። ለመንደሩ የታም ሁለተኛ ልጅ ሚስት ናት። አባቴ ‹አንቺ› ነው የሚላት። ትንሽ ከፍ ብል ኖሮ እጠይቅ ነበር፤ መርከብ ላይ ስሳፈር ግን ልጅ ነኝ። በኋላ ማንን ልጠይቅ? ደብዳቤ የምጽፈው ለፎንግ ቤት ነው።» ባርኔጣው መዞሩን አቆመ። «የዚያችኛዋን ጠይቂኝ። ላው ሱዪ ዪንግ። ከመርከቡ ሲያወርዱኝ፣ ስተኛ፣ ስነሣ፣ ላው ሱዪ ዪንግ። በሞት አልጋዬ ላይ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። አይቻት አላውቅም።»

ኮሪን ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች። አያቷ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

«እንደፈለግሽ አድርጊው» አሉ። «እኔ ደክሞኛል። ያቺ ሌባ ጓደኛሽ ምሳዬን ሳትጨርሰው ልሂድ።» በጎኑ በር ቀስ ብለው ወጡ።

ካሴቱን ከመቅረጫው ውስጥ አወጣችው። በእጇ ላይ ቀላል ነበር፤ ኪሷ ውስጥ ብትከተው ማንም አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። «ጠፋ» ብላ ልትዋሽ ትችላለች፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ዋሽታለች፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንደሚቀል ገብቷታል። ያ መቅለሉ ነው ያስፈራት። አያቷም የጀመሩት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ለሚወዷቸው ሰዎች ሲሉ።

ወይዘሮ ሃልቨርሰንን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘው ሲመለሱ ነበር።

«ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ ካሴት ማሸግ ይቻላል? ሳይጠፋ። ማንም ሳይሰማው።»

ሴትዮዋ ብርጭቆዎቹን የበረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጡ። «አንዳንድ ቤተሰቦች እንዲያ ይጠይቁናል» አሉ። «ሰውየው በሕይወት እስካለ ይታሸጋል፤ ሳይከፈት፣ ሳይተረጎም።»

«አያቴም ወንድማቸውም ሁለቱም እስካሉ ድረስ።»

«ይቻላል። ግን ልጄ፣ እንዲያ ከሆነ ግድግዳው ላይ ልሰቅለው አልችልም። መምህርሽም የሚያየው ነገር አይኖርም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ብናደርግስ?» ወይዘሮ ሃልቨርሰን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኋላው ይታሸግ። የመጀመሪያውን ብቻ እንውሰድ። ባልዲዎቹን። እሱን አንቺው ራስሽ ተርጉመሽልኛል፤ ምስጢር የለበትም። ማንንም አይጎዳም።»

ማንንም አይጎዳም። ኮሪን አዳራሹን በዓይነ ልቦናዋ አየችው፤ የአያቷ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ስሟ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ፣ ዲና ከኋላ ስታፏጭ። ከፎቶግራፉ ጎን አንዲት ጤነኛ እግር ያላት ሴት ኮረብታውን ትወጣለች፤ የሚያዩዋት ሁሉ ያመሰግኗታል፣ ልጆች ስለ እሷ ድርሰት ይጽፋሉ።

«አይሆንም» አለች። «ባልዲዎቹም አይወጡ።»

«ለምን እንደሆነ ልጠይቅሽ?»

«አይጠይቁኝ፣ እባክዎ።»

ሴትዮዋ ወደ ክፍሉ ተመልሰው የካሴቱን መያዣ ከመሳቢያ አወጡ፤ ካሴቱን ከኮሪን ተቀብለው ከተቱትና በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ። የሰውየውን ስም ጻፉ። የመንደሩን ስም ሊጽፉ ብለው ኮሪንን ቀና ብለው ሲያዩዋት ራሷን ነቀነቀች፤ ዘለሉት።

«የእናት ስም» አሉ፤ ብዕሩ መስመሩ ላይ ደርሷል። «ላው… ምን ነበር ያሉን?»

ከመስኮቱ በታች፣ ሣሩ ላይ፣ አያቷ ከዲና ጎን ተቀምጠው የሩዙን ቅጠል ይፈታሉ። ዲና እጇን ሰድዳ ልትነጥቅ ትሞክራለች፤ ሽማግሌው በባርኔጣቸው ይከላከላሉ። ማንም ሰው ቢያያቸው ሐዘን የሚባል ነገር በቤታቸው አልፎ አያውቅም ይላል።

«ባዶ ይተዉት» አለች ኮሪን።

«ነግረውናል እኮ። እዚሁ ጽፌዋለሁ፣ ፈልጌ ላግኘው—»

«ባዶ ይተዉት።»

ወይዘሮ ሃልቨርሰን ብዕራቸውን ከመስመሩ ላይ እስኪያነሡ ድረስ ኮሪን አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን የውሃ ብርጭቆዎች ይዛ ወደ ሣሩ ወረደች።